የልብ ግሦች

ማክሰኞ በመጣ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣
እንሰበሰባለን ከዓሣ ገበያው በላይ፣
ፒተርሄድ ወደብ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ፣
እኛ፣ እንግሊዝኛ ያለብን እንደ ዕዳ።
ዳይጋ ከላትቪያ፣ ዓሣ ስትሰነጥቅ ውላ፣
ጓንቷን አውልቃ እንኳ ሽታው አይለቅ ከገላ፤
ሁለቱ ወንድማማች፣ ቪየትናሞቹ፣ ጥፍር ቤት ያላቸው፣
በአንዲት "ኤስ" ፊደል ነው ሁሌ ጭቅጭቃቸው፤
እኔም፣ ጣሪያ ሠሪው፣ ሩማንያዊው ዶሪኔል፣
ቀን ከሰው በላይ ነኝ፤ ማታ ግን ግሥ ይጥለኛል።

ኤልስፔት ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመረች፤
"ወዲህ የዘወትር ነው፣ ወዲያ የአሁን" አለች።
"ፀሐይ ትወጣለች፤ ባቡር በሦስት ይነሣል፤
ውሻዬ ፖስተኛ ሲያይ ሁልጊዜ ይናከሳል፤
ይሄ ዛሬ አይደለም፤ የትኛውም ቀን ነው፣ ሁሌም፤
'ኢንግ' አትቀጥሉበት፣ ጅራት አያሻውም።
አሁን ግን ስሙልኝ፤ ውጭው እየዘነበ ነው፤
ዳይጋ እያዛጋች ነው፤ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው፤
ይሄ የሚያልቅ ነገር ነው፣ በር አለው መውጫ፤
ገና ያላበቃ፣ መካከል ላይ ያለ ሩጫ።"

"የት ትኖራለህ?" ስትል፣ "እየኖርኩ ነው እዚሁ" አልኳት።
"ስንት ዓመት?" "አሥራ አንድ።" ሣቋ አመለጣት።
"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሻንጣህን ሳትፈታ!
'እኖራለሁ' በል እንጂ፤ ይገባሃል ቦታ።"

ኩአንግ፣ "ቁልፌ ጠፋ፣ ትናንት" ሲል፣ "ተገኘ?" አለችው።
"አይ።" "እንግዲያው 'ጠፍቷል' በል፤ ገና ደጅ ነህ፣ ቅዝቃዜው
አሁንም ይሰማሃል፤ ያለፈ፣ ያላለፈ፣
እግሩ ትናንት ቆሞ እጁ ዛሬን የደገፈ።"

በመጨረሻ የልብ ግሦች መጡ፦
ማወቅ፣ መውደድ፣ ማመን፣ መፈለግ፣ ማስታወስ።
"እነዚህ ሥራ አይደሉም፤ አይነሡም፣ አይወድቁም፤
'እያወቅኩ ነው' አይባልም፤ ወይ ታውቃለህ፣ ወይ አታውቅም።"

ዳይጋ ግን ጽፋለች፦ "ልጄን እየወደድኩት ነው።"
ቀዩ ብዕር መጣ፤ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።
"እንዴት ሥራ አይደለም?" አለች ዳይጋ፣ ተነሥታ።
"ሌሊት በዘጠኝ ወጥቼ፣ እስከ ማታ
የዓሣ አንጀት ሳወጣ፣ ውኃው በረዶ ሆኖ፣
ይሄ አውራ ጣቴ እንደ ባዳ ደንዝኖ፣
ደሞዜን ስልክለት፣ ፎቶውን በስልክ ሳየው፣
ምን እያደረግኩ ነው ታዲያ? እየወደድኩት ነው!
ደክሞኛልም።"
ክፍሉ ዝም አለ።
"ሕግ ሕግ ነው" አለች ኤልስፔት፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጠመኔው
መሐል ላይ ተሰበረ።

ቅዳሜ ጣሪያዋ አፈሰሰ፤ ልጠግን ወጣሁ፤
ከጭስ ማውጫው ሥር ሆኜ ሁሉን አያለሁ።
ባሏ ዱጋልድ፣ ድሮ የዓሣ ጀልባ የዘወረ፣
አንድ እግሩን ተጫምቶ ጓሮ ወንበር ላይ ቀረ።
"አንቺ ማነሽ?" ይላል፤ "ጀልባው መቼ ይነሣል?"
"እየጫኑ ናቸው፤ ትንሽ ደቂቃ ቀርቷል።"
ሦስቴ ጠየቃት፤ ሦስቴ ያንኑ መለሰች፤
ካልሲውን አጥልቃ፣ አገጩን ጠረገች።

ከዚያ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀና ብሎ አያት።
"ኤልስፔት፣ ጸጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?" አላት።
የሰዋስው መምህርቷ፣ ቀይ ቀለሟን ረስታ፣
ወደ እኔ አንጋጠጠች፣ እጆቿን አንሥታ፦
"ዶሪኔል! እያወቀኝ ነው! ስማ፣ እያወቀኝ ነው!"

ምስማር በጥርሴ ይዤ፣ ምን ብዬ ላርማት?
መሰላሉን ወርጄ መሬት ስረግጥ፣
"አንቺ ሴት፣ እንግዳ አለ፤ ሻይ ስጪው" አላት።

ማክሰኞ ደብተራችን ተመለሰልን።
የዳይጋን አጮልቄ አየሁ፤ ቀዩ መስመር እንዳለ ነው፤
ከሥሩ ግን በእርሳስ፣ ላጲስ በሚያጠፋው፦
"ልክ ነሽ፤ ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፊው።"